ለባሰ ቀን የተቀመጠ ሞርፊን

ዛሬ ቡታጅራ አክስቴ ቤት፣ የታዘዘላትን የሞርፊን ሽሮፕ እንደታሸገ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ካንሰር አጥንቷ ድረስ ገብቶ ስትሰቃይ ነው የከረመችው።

"እትዬ፣ ለምን አልወሰድሽውም?"

"ለባሰ ቀን ነዋ!" ዕድሜዋን ሙሉ ለክፉ ቀን ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ስታኖር የኖረች ሴት ናት።

እኔ ደግሞ ፋርማሲስት አይደለሁ? ማስረዳት ጀመርኩ። መድኃኒቱ ነርቭ ላይ ያለውን መቀበያ ይዞ የሕመሙን መልእክት ሲገታ ሕመሙ ይበርዳል፤ ከልኩ ካለፈ ግን ትንፋሽ ያዳክማል። ተመራማሪዎች ትንፋሽ የማይነካ ማስታገሻ እየፈለጉ ነው አልኳት።

"እንግዲያው እሱ እስኪመጣ ልታገሥ" አለችኝ። (ትምህርቴ ገደል ገባ።)

"እትዬ፣ የባሰው ቀን እኮ ዛሬ ነው።"

የታሸገውን ሽሮፕ ከፈተች። ከዚያ በታዘዘላት ልክ ጠጣች። አሁን ሕመሙ በርዶላት፣ ከስንት ሳምንት በኋላ በጎኗ ተኝታለች።

እናንተስ ቤት፣ ሕመሙን ችሎ መድኃኒቱን የሚቆጥብ ማን አለ?