መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሲፈን ለሥራ ስትፈተን አጠገቧ ነበርኩ። ፈተናው እዚሁ አዳማ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው የተደረገው፤ ጠያቂዎቹ አዲስ አበባ፣ እሷ ላፕቶፗ ፊት። ሥራው የቁጥር ጥናት ነው አሉ። ገበያውንም መንገዱንም እያሰሉ ነገ የሚሆነውን መገመት። «አባባ፣ እዚያው ይቀመጡ፤ ግን እንዳያስሉብኝ» አለችኝ።

አንዱ ጠያቂ፣ «አዳማ ውስጥ በቀን ስንት ሰው በባጃጅ ይሳፈራል?» አላት። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ልጅቱ ግን አልደነገጠችም። «ትክክለኛውን አላውቅም። እንዴት እንደምደርስበት ግን ላሳያችሁ» ብላ ወረፋውንም፣ የገበያውን ቀንም፣ ተማሪውንም እያነሳች ሄደች። በመጨረሻ ከዚህ እስከዚህ ይሆናል አለች፤ የት ጋ ልትሳሳት እንደምትችልም ራሷ ነገረቻቸው። ያኔ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም በልጅነቴ ለእንዲህ ያለ ሥራ ተፈትኜ አውቃለሁ።

መቂ ነበርኩ፣ ከአንድ የሽንኩርት ደላላ ጋር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ዓይኔ ግን ይሠራ ነበር። እዚያ ሽንኩርት ሳይነቀል፣ ማሳው እንዳለ ይሸጣል። ደላላው ገማቹን ይዞ ይገባል። ገማቹ ዞር ዞር ብሎ፣ እዚህም እዚያም አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ፣ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ይላል። ገማቹ እኔ ነበርኩ። ልማዱ ደግሞ ያየኸውን አለመጥራት ነው። አንተ ዝቅ አድርገህ ትጠራለህ፣ ገበሬው ከፍ ያደርጋል፣ መሀል ላይ ትገናኛላችሁ። ይህን ውሸት የሚለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

አንድ በጋ የእርሻ ጥናት ሰዎች መጡ። በየማሳው እየዞረ የምርቱን ግምት የሚያመጣላቸው ሰው ፈለጉ፤ የወር ደሞዝ፣ ካኪ ልብስ፣ ብስክሌት ሳይቀር ይሰጣሉ። እኔ እንኳ ልቤን የወሰደችው ብስክሌቷ ናት። እናቴማ «ልጄ የመንግሥት ሰው ሊሆን ነው» ብላ ለመንደሩ አውርታ ጨርሳለች። የፈተናው ጠዋት ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ፣ በሚጥሚጣ አድርጋ አበላችኝ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን እያስነሳ መንገዱን ሙሉ ፊቴን ገረፈኝ፤ እኔ ግን በሐሳቤ ብስክሌት ላይ ነበርኩ።

የመፈተኛው ማሳ የኦቦ ገመቹ ሆነ። ኦቦ ገመቹ ቦዩ ዳር የሚያርሱ፣ በሄድኩ ቁጥር ቲማቲም በጨው ሳያበሉ የማይለቁኝ ሰው ናቸው። አምና ሽንኩርታቸውን ለአለቃዬ ለደላላው የሸጡት በእኔ ግምት ነው። አርባ ኩንታል ስላቸው እንደ ሌላው ገበሬ አልተከራከሩም፤ «ልጁ ካለ ይሁን» ብለው ጨረሱ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ዛሬ ደግሞ በመንግሥት በኩል መጣህብን?» ብለው ቦዩ ዳር ቁጭ አሉ።

ከሁለት ተፈታኞች ጋር ነበርኩ። ከጥናት ሰዎቹ የሚፈትነን ባለሙያ መጀመሪያ እኔን አስገባኝ። ማሳው ውኃ ጠጥቶ ነበር፤ አፈሩ ይሸታል፣ ሽንኩርቱ ሞልቷል። ዞሬ ወጣሁና «አርባ ኩንታል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰውዬው ጻፈና ወደ ሌላው ዞረ። ጠበቅሁ። ማንም አልተከራከረኝም።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ይጨመራል።»

«ምኑ ላይ?»

«አርባው ላይ። እርስዎ ከፍ ካደረጉ እኔም እጨምራለሁ።»

እስክሪብቶውን አወረደ። «ሽንኩርት ልገዛ አልመጣሁም። ያየኸው ስንት ነው?»

እልኸኛ ነኝ፤ ቃሌን ማጠፍ ያመኛል። ግን ብስክሌቷ ዓይኔ ላይ መጣች። «ያየሁትስ ስልሳ ነው። አርባው መጀመሪያ የሚጠራው ነው። እኛ እንደዚህ ነው የምንሠራው» አልኩ።

ሌሎቹ ተፈታኞች ሳቁ። አንደኛው፣ «ለፈተናውም ደላላ ይዞ መምጣት ነበረበት» አለ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አምና አርባ ያልከኝም እንደዚህ ነው?»

እግሬ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ማራገፍ ጀመርኩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ባለሙያው ሲያሰናብተኝ፣ «ዓይንህ ጥሩ ነው። አፍህን ግን እንዴት ብዬ ልመነው?» አለኝ። ኦቦ ገመቹ ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ቲማቲም ቀጥፈው ለሁላችን አደሉ። ለእኔም ሰጡኝ፤ ፊቴን ግን አላዩም። ያቺን ቲማቲም ሳልቀምሳት ይዣት ቤት ገባሁ። እናቴን «ብዙ የተማረ ሰው ነው የፈለጉት» አልኳት፤ አመነችኝ። ሳልሰነብት መቂን ለቅቄ አዳማ ገባሁ፤ ዕድሜዬን ጭነት ሳወርድ ኖርኩ። በዚያ ማሳ በኩል ዳግመኛ አላለፍኩም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እሳቸውም አለፉ።

ሲፈን ላፕቶፑን ከድና ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ስንት ይሉ ነበር?»

በየቀኑ በር ላይ ተቀምጬ ባጃጅ የማይ ሰው ነኝ፤ ቁጥሩ ወዲያው መጣልኝ። ምላሴ ላይ የደረሰው ግን ግማሹ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ የምገዛው ነገር ሳይኖር። ዋጥኩት።

«ይንገሩኝ እንጂ» አለችኝ እየሳቀች።

«ቆይ ልጄ፣» አልኳት፣ «የመጀመሪያው ቁጥር ይለፍ።»