የምሰሶው ትራስ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አደጋው የገባኝ የመዶሻው ድምፅ ሲለወጥ ነው። ድው ድው ይል የነበረው፣ ብረት ድንጋይ እንደመታ ቀጥኖ ጮኸ። የሠራተኞቹን ኮንቴይነር እየወለወልኩ ነበር። መወልወያዬን ጥዬ ሮጥኩ። እዚያው የሚሠራው ልጄ ቢንያም ከምሰሶው አጠገብ ነበር የቆመው። ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ገና አልገባውም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። እንጨቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ኒደርራድ በሚባል የጀርመን ሰፈር፣ አዲስ ቢሮ የሚሠራበት ቦታ ነው። የኮንክሪት ምሰሶ በማሽን መዶሻ ወደ መሬት ሲመታ አናቱ ላይ ወፍራም እንጨት ይደረግለታል። ዕቃ ቤት የሚጠብቁት የአስመራው ጋሽ ኢድሪስ «ትራሱ ነው፤ ያለሱ አናቱ ይፈርሳል» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ አላወቅኩም አልልም። አውቄ ነው። ግን አዲስ እንጨት በየቀኑ እየመጣ ተቀጥቅጦ ሲከስል ሳይ አንጀቴ አረረ። ለአትክልት ቦታዬ ጎጆ ወለል ቢሆን ምናለበት? በጽዳት ጋሪዬ እየደበቅኩ፣ አትክልት ቦታዬ ወዳለበት ወደ ኡንተርሊደርባህ ወሰድኩት። ዛሬም ብክነት ነው እላለሁ። ማን ነው አይደለም የሚለኝ?

የዚያን ቀን አዲስ እንጨት ጠፋ። ሥራው እንዳይቆም ብለው ባለቀው፣ በከሰለው ላይ መቱ። የምሰሶው አናት ፈነዳ፤ ጡብ የሚያህል ቁራጭ ወርዶ ቢንያም ራሱ ላይ ያደረገውን ሄልም ሰነጠቀው። ልጄ ተረፈ። እኔ ምን አደረግኩ? አቀፍኩት፣ አለቀስኩ፣ ዝም አልኩ። ጋሽ ኢድሪስ «እኔ ነኝ ያጎደልኩት» ብለው ከሥራ ሲሰናበቱም ዝም አልኩ። ልጄ እንዳይጠላኝ ፈራሁ። የሰረቅኩት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ።

ባለፈው እሑድ ለቢንያም ነገርኩት። ሲናደድ እንደ ልማዱ በጀርመንኛ «ቫሩም፣ ማማ?» አለኝ። ለምን ማለቱ ነው። ከዚያ በመኪናው ጋሽ ኢድሪስ ቤት አደረሰኝ። በራቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ጋሪሽ ሲከብድሽ አይ ነበር» አሉ። «ታዲያ በልጅሽ ፊት ላዋርድሽ? ይልቅ ወለሉ አምሮልሻል?»

«አምሮልኛል፣ ጋሽ ኢድሪስ። አንቱን ግን በላሁዎት።»

ሳቁ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም። እኔም አልለመንኩም፤ በምን አፌ? ልጄ አውቋል፣ እሳቸውም ከአፌ ሰምተዋል፤ ከእንግዲህ የምፈራው ነገር የለም። ደህና ነኝ። ንጹሕ ነኝ ግን አላልኩም።