ታሪኩ ያስቀመጠው ፍሬ

ዛሬ እናቴ የሞተውን ወንድሜን ፍሬ አበላችው።

የወንድሜን የታሪኩን ስልክ ከቀብሩ ወዲህ ገና ዛሬ ቻርጅ አድርጌ ይጫወተው የነበረውን ጌም ከፈትኩት። የሱ ተዋጊ እዚያው ቆሟል፤ ይተነፍሳል፣ የሚያዘውን ይጠብቃል።

በእጁ ሰማያዊ ፍሬ ይዟል። እሱን የበላ ተዋጊ ምት አይነካውም። ታሪኩ ለክፉ ቀን ብሎ ነው ያስቀመጠው። (ጌም የሚጫወት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲቆጥብ ሲቆጥብ ሳይበላው ይሞታል።)

ክፉው ቀን ግን ወደ ላንቴ መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክሉ ሲገለበጥ መጣ።

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ማንጎ የሸጠች ሴት ናት። "ፍሬ ይቀመጣል እንዴ?" አለችና፣ ማንጎ መብሰሉን እንደምትሞክረው፣ ስክሪኑ ላይ ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

ተዋጊው ፍሬውን ወደ አፉ አንስቶ በላ።

"አሁን ምንም አይነካውም አይደል?"

አዎ አልኳት።

ስልኩን ማጥፋት አቃተኝ። እናንተ ጋ ባለው የሟች ስልክ ውስጥስ ማን ቆሞ ይጠብቃል?