የጎሊና ውሃ

ጎሊና ደሴት ላይ ምንጭ የለም። ሰዉ የሚጠጣው ከሰማይ የወረደውን ነው። ከመንደሩ በላይ ያለውን ተዳፋት የጥንቶቹ ሰዎች በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈው በኖራ ለስነውታል፤ የብርዱ ወራት ዝናብ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይወርድና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ስር ድንጋይ ተፈልፍሎ ወደተሠራው ትልቅ ጉድጓድ ይገባል። የጉድጓዱ ጣሪያ የድንጋይ ቅስት ነው፤ ሰውም ከብትም በላዩ ይመላለስበታል። የመክደኛው ቁልፍ ከአያቷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ደግሞ ወደ ፔሪና ተላለፈ።

ፔሪና አጥንተ ሰፊ፣ ለሳቅ የማትቸኩል ሴት ነበረች። በበጋ ውሃው ሲጎድል በየማለዳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ለየቤቱ በባልዲ ትሰፍራለች። አታዳላም። «ፔሪና ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ባልዲ ይዞ ቢመጣ ወረፋህን ጠብቅ ትለዋለች» እያሉ ያሟታል፤ እሷም ትሰማለች፣ ደስም ይላታል።

በዓመት አንዴ፣ ከቅዱስ ሮኮ በዓል በፊት፣ ተዳፋቱ እንደገና በኖራ ይቀባል። የዚያን ቀን ቤት የሚቀር ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ኖራውን ያቃጥላሉ፣ ሴቶቹ ተሸክመው ሽቅብ ያወጣሉ፣ አሮጊቶቹ ወደብ ላይ በትልቅ ድስት የዓሣ ወጥ ይሠራሉ። ስቲፓን የሚባል ዓሣ አጥማጅ የፔሪና ቀሚስ ላይ ኖራ የረጨውም በዚሁ ቀን ነው።

«ዓይን የለህም?» አለችው።

«ነበረኝ፤ አንቺ ላይ ተተክሎ ቀረ።»

«እንግዲያው ብሩሹን ለሚያይ ሰው ስጥ።»

በዓመቱ ተጋቡ።

የወይን ተክሉን ያደረቀው በሽታ የአያቶቿን እኩዮች ጠራርጎ ደቡብ አሜሪካ ካስገባቸው በኋላ የቀረው ሰው የኖረው በሰርዲን ነበር። ሴቱ ሁሉ ወደቡ ላይ ባለው ጨው ቤት ዓሣ በጨው እየጨመቀ በበርሜል ይደረድራል። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ጨው ቤቱ ተዘጋና ሰዉ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ጎረምሶቹ፣ ቀጥሎ ልጅ ያላቸው፣ ከዚያ ልጆቹን ተከትሎ አስተማሪው። አንዱ ቤተሰብ በጀልባ ሲወጣ የቀሩት ወደብ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ፔሪና ግን ወደብ ወርዳ አታውቅም። «የሚሄድ ሰው ጀርባው ምን ይታያል?» ትላለች።

ክፉው ዓመት የመጣው ገና ሰው በነበረበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ቀረ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ባልዲው ድንጋይ እየነካ ይወጣ ጀመር። በዚያ በጋ የጎረቤቷ የየሮሊም ሚስት ማንዳ በትኩሳት ወደቀች። የሮሊም ባልዲውን ይዞ ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ዛሬ ድርሻህን ወስደሃል» አለችው ፔሪና።

«አውቃለሁ። ሰውነቷ እንደ ምድጃ ነው። በጨርቅ ላቀዝቅዛት።»

«የሮሊም፣ ላንተ ከፈቀድኩ ለማን ልከለክል ነው? ሕፃናት አሉ።»

«አንድ ባልዲ ነው ያልኩሽ፣ ባሕሩን አይደለም።»

ፔሪና መክደኛውን ቆለፈች። ግን ቤት ገብታ መቀመጥ አልቻለችም። ጀምበር ሳትጠልቅ ለራሷ ቤት የቀዳችውን አንስታ ወደ የሮሊም ደጅ ሄደች። ማንዳ ሞታ ነበር። የሮሊም ባልዲውን ከእጇ ተቀበለና፣ ዓይኖቿን እያየ፣ ውሃውን ደጃፉ ላይ ደፋው። ድንጋዩ ወዲያው ጠጣው። ዶክተሩ በኋላ መጥቶ የሳንባ በሽታ ነው፣ ውሃ አያድናትም ነበር ብሏል። ይህን ለየሮሊም የነገረው አልጠፋም፤ የሰማ ግን አይመስልም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከፔሪና ጋር አልተነጋገረም።

ስቲፓን ሞተ። ልጇ ሉትሴ ከባሕሩ ማዶ ስፕሊት ከተማ አግብታ ቀረች። ሌላውም አንድ በአንድ አለቀና በመጨረሻ ደሴቲቱ ላይ የቀሩት እነዚያው ሁለቱ ሆኑ፦ ፔሪናና የሮሊም፣ ከየሮሊም አህያ ከሞሮ ጋር። በሳምንት አንዴ ቪትሴ የሚባል ባለጀልባ ዳቦና ዱቄት ያደርስላቸዋል። የሮሊም ከሰው ጋር መነጋገር ሲያምረው ለአህያው ይናገር ነበር፤ ድምፁን ግን ፔሪና እንድትሰማ አድርጎ ነው።

«ሞሮ፣ ለሴትዮዋ ንገራት፣ ፍየሏ ጎመኔን በልታለች።»

ፔሪናም ከመስኮቷ ሆና፣ «ሞሮ፣ ለጌታህ ንገረው፣ አጥሩን ሠርቶ ቢሆን ኖሮ አትበላም ነበር» ትላለች።

«ሞሮ፣ ወገቤን ያመኛል በላት።»

«ምላሱን ግን አያመውም፣ በለው።»

ሲቆይ ይህ ነገር ፀብም መሆኑ ቀረ፤ ምን እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

ኖራውን የሚቀባ ጠፋ። ፔሪና ብቻዋን ትንሽ ትንሽ ሞከረች፤ ቀብታ ሳትጨርስ የታችኛው ይረግፋል። አደባባዩ ጥግ የበቀለው በለስ ሥሩን በቅስቱ ድንጋዮች መካከል ሰድዶ ሰነጠቀው። ፔሪና ባሕሩን ተሻግራ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ግንበኛ ለመነች። ወጣቱ ሹም በትሕትና አስቀመጣትና፣ «እማማ፣ ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?» አላት።

«ሁለት።»

ወጣቱ የከፈተውን መዝገብ መልሶ ዘጋው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ በሩ ሸኝቷታል።

በሚቀጥለው መስከረም አንድ ማለዳ የሮሊም ሞሮን እንጨት ጭኖ በአደባባዩ ሲያሳልፈው ቅስቱ ተደረመሰ። ፔሪና ድምፁን ስትሰማ መድፍ መስሏት ነበር። ስትደርስ የሮሊም ቀዳዳው ዳር በሆዱ ተኝቶ ገመድ ይዟል፤ አህያው ታች፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ተጭኖት ይጮኻል።

የሮሊም ቀና ብሎ አያት። «ፔሪና» አለ። «ያዢልኝ።»

ከኋላው ሆና ያዘች። ሳቡ። ገመዱ የሽማግሌውን መዳፍ ልጦ በደም ነከረው። ሁለት አዛውንት አህያን ከጉድጓድ አያወጡም፤ ያንን ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ሆኖም እስኪረፋፍድ ሳቡ። ጩኸቱ እየሳሳ ሄደና ቆመ።

«ልቀቀው» አለችው።

«አልችልም። እጄ አልዘረጋ አለኝ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ እሷ ዘረጋችለት። ከዚያ ፍርስራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ከእንግዲህ ይህ ውሃ አይጠጣም» አለች።

«ያን ጊዜ» አለ የሮሊም፣ «ውሃውን የደፋሁት...»

«ተወው።»

«አልተውም። ተጠምተሽ እንደምታድሪ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የደፋሁት።»

ለፔሪና ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አልለየላትም። የቀሚሷን ጫፍ ቀድዳ መዳፉን አሰረችለት።

ቪትሴ ሲመጣ ጉድጓዱ ሸትቶ አደባባዩን የማያስቀርብ ሆኖ ነበር። ሬሳውን የሚያወጣ ሰው ከየትም አልተገኘም። ቪትሴ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወደ ውስጥ አየና፣ «እማማ ፔሪና፣ ዕቃሽን አዘጋጂ። ጋሼ የሮሊም፣ እርስዎም» አለ።

«እኔ የትም አልሄድም» አለ የሮሊም።

«ምን ሊጠጡ?»

«ከጣሪያዬ የሚወርደውን ዝናብ የሚይዝ በርሜል አለኝ።»

«በርሜሉ ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ» አለች ፔሪና።

«ይዘንባል።»

«የሮሊም፣ ሞኝ አትሁን። ልጄ ቤት ክፍል አይጠፋም።»

«ማንዳ እዚህ ናት። አንቺ ሂጂ። ልጅ አለሽ፤ ልጅ ያለው ሰው ይሄዳል።»

ጀልባው ሲነሳ የሮሊም ወደብ ወርዶ ቆመ፤ የታሰረውን እጁን ግን አላነሳም። ፔሪና ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ ደሴቲቱ ከባሕሩ እስክትቀላቀል ድረስ ሳትዞር ተቀመጠች።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው። ቪትሴ በየሳምንቱ በጀሪካን ውሃ ያደርስለት ነበር። በታኅሣሥ የሰሜኑ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ የማይወጣበት ጊዜ ረዘመ። ነፋሱ ሲረግብ ቪትሴ ሄዶ የሮሊምን አልጋው ላይ አገኘው። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር ይላሉ፤ ስለዚህ በጥም አልሞተም። በምን እንደሞተ የጠየቀም የለም።

ሉትሴ ይህን ለእናቷ የነገረቻት ከቀብሩ በኋላ ነው። ፔሪና ልጇን አልተቆጣችም። «ማን ቀበረው?» ብቻ አለች።

«ቪትሴና ሁለት ዓሣ አጥማጆች።»

«ማንዳ አጠገብ?»

«አላውቅም፣ እማዬ። አልጠየቅሁም።»

ፔሪና አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሕር በማያሳይ መስኮት አጠገብ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጎረቤቶቿ ከየት ነሽ ሲሏት «ከደሴት» ትላለች። የትኛው ደሴት ሲሏት ስሙን ትነግራቸዋለች፤ አያውቁትም። የቅዱስ ሮኮ በዓል ሲደርስ ቪትሴ ወደ ደሴቲቱ ልውሰድሽ ብሎ ይልክባት ነበር፤ አንድም ጊዜ እሺ አላለችም። በመጨረሻ እሱም መላኩን ተወ።