ኪሩቤልና አሥራ አንዱ ቀዮች

ኪሩቤል በሐረር አቦከር ሰፈር በቀለም የሚበልጠው የለም። መቶ ሃያ ማርከር የያዘ ሳጥን አለው። ሲከፍተው ቀስተ ደመና ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅ ይመስላል፤ ባየሁት ቁጥር አፌን እከፍታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ማርከሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ያስተዋውቃል። ሲሠራባቸው ያየ ሰው ግን የለም።

ጎረቤቱ ሳዳ ልታገባ ሳምንት ሲቀራት መጣችበት። በሠርጉ አዳራሽ በር ላይ የሚቆም ሥዕል ፈለገች፤ የሐረሪ ቤት ሳሎን፣ ግድግዳው በስፌት የተሞላ፣ የሚቀመጡበት መደብ ቀይ። ሥዕሉ ካማረ የአዳራሹ ባለቤት ለሠርግ ሁሉ ሊጠራው ቃል ገባ። ኪሩቤል በሠላሳ ዓመቱ ቋሚ ሥራ ሊያገኝ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ መረጠ። አሥራ አንድ ቀይ አለው። ሐረር ውስጥ ስለ መደብ ቅላት አስተያየት የሌለው ሰው ስለሌለ፣ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ይሄ የበርበሬ ነው፤ መደብ ነው ወይስ ወጥ?» አለች የሳዳ አክስት አይሻ።

«ያኛውስ?» አለ ኪሩቤል።

«እሱ ደግሞ ያፈረ ሰው ፊት!»

በአራተኛው ቀን ዘጠነኛው ቀይ አሸነፈ። ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ መደቡን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ፈተገው። የደረቀውን ካልደረቀው ጋር ሲደራርብ መደቡ ዝንጉርጉር ሆነ። ያንን ሊያጠፋ ደገመ፤ ወረቀቱ ተላጠ። ሲሰልስ ተቀደደ።

ሳዳ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከች። «አንተ ኪሩቤል፣ እንግዶቼ ቀዳዳ ላይ ነው የሚቀመጡት?»

ኤረር በር አጠገብ ማስታወቂያ የሚጽፉት ጋሽ አንዋር ተጠሩ። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አራት ማርከር ብቻ ነበር። ቀዩን አይሻ «የቲማቲም ድልህ» ብላ ሰደበችው። እሳቸው አዲስ ወረቀት ዘርግተው፣ በእርሳስ ነድፈው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀቡ፤ አንዱ መስመር ሳይደርቅ ቀጣዩን ጠርዙ ላይ እያስነኩ። ወደ ኋላ አልተመለሱም። ከደረቀ በኋላ በዚያው ማርከር ጥግ ጥጉን ደገሙት፤ ጥላ ወጣ። ከአንድ ቀይ ሁለት ቀይ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ይሄን የመሰለ ቀይ ከየት አመጡት?» አለች አይሻ።

ኪሩቤል ሥራው ከእጁ ሲወጣ ታየው። «ጋሽ አንዋር፣ የኔን ሳጥን ይጠቀሙ፤ መቶ ሃያ ነው።»

«ወላሂ፣ ለመምረጥ ጊዜ የለኝም። ይልቅ ና፣ ግድግዳውን አንተ ቅባ። በአንድ አቅጣጫ፣ ሳትመለስ።»

«በየትኛው ቀለም?»

«በቀረበህ።»

የቀረበው ሐምራዊ ነበር። ኪሩቤል ትንፋሹን ይዞ፣ በአንድ አቅጣጫ ሄደ። ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ወጣ። ሐምራዊ ግድግዳ ያለው የሐረሪ ቤት አይቼ አላውቅም፤ በሠርጉ ቀን ግን ስለ ቀለሙ አንድም ሰው አልተናገረም፤ አይሻም ብትሆን።

የአዳራሹ ሥራ የጋሽ አንዋር ሆነ። እሳቸውም ኪሩቤልን ለግድግዳ ቀጠሩት። ይኸው እስካሁን ሰባት ሠርግ አልፏል፤ መደብ ገና አላስነኩትም።