ደመወዝ በገራባ

ከአዳማ የተነሳሁት እህቴን ወይ አጽናንቼ ልመለስ፣ ወይ ጠቅልዬ ላመጣት ነው። እህቴ አስካለ በአሰበ ተፈሪ ከተማ፣ በዛሬ ስሟ ጭሮ፣ ለብዙ ዓመት ምግብ ቤት ነበራት። ከልጆቿ አባት የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ልጆቿንም ያሳደገችበት እሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ደወለችና "መኮንን፣ ምግብ ቤቱ እየሞተብኝ ነው፤ ና እስቲ እየው" አለችኝ። ታላቄ ናት፤ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። በቀይ መደብ ላይ በቢጫ ፊደል "አስካለ ምግብ ቤት" ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝና፣ የታፔላው ነገር ይሁን የእህቴ፣ አላስቀምጥ ብሎኝ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ።

እስከ ጭሮ

ሚኒባሱ ከታሪፍ በላይ አስከፈለን። ታሪፉን ስጠይቅ ሾፌሩ የነዳጁን ዋጋ ነገረኝ። አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። ቦርደዴ ላይ ለቁርስ ስንቆም ሴቶች መኪናውን ከበቡት። በየእጃቸው ፌስታል ይዘዋል፤ ፌስታሉ ውስጥ ጠውላጋ ቅጠል አለ።

"ምንድን ነው?" አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ።

"ገራባ ነው። ደህና ደህናው ጫት ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው" አለኝ። "ድሮ ለፍየል ነበር የሚሰጠው።"

አንዷ ሴት በአንድ ሻይ ዋጋ ሁለት ፌስታል ልትሰጠኝ ፈለገች። ከተሳፋሪው የገዛ የለም። አጠገባቸው የቆመችው ሻይ ሻጭም ከእነሱ መሃል አንድ ጠጪ አላገኘችም።

አሰቦት ላይ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ሁለት እናቶች ወረዱ። ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መኪናው ማቃሰት፣ ነፋሱም መቀዝቀዝ ጀመረ። ጭሮ የገባነው ለምሳ ሰዓት ነው።

ባዶ አግዳሚ

የእህቴ ምግብ ቤት ከጫት መጋዘኖቹ ፊት ለፊት ነው። መጋዘን ውስጥ ሴቶች ጫቱን ይለቅማሉ፣ ደረጃ ያወጣሉ፣ ያስራሉ፤ ወንዶቹ ይጭናሉ። ድሮ በምሳ ሰዓት ስመጣ መቀመጫ አላገኝም ነበር። ጫት ያጠቆረውን እጃቸውን ለመታጠብ ይሰለፋሉ፤ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት የበዛበት ፓስታ ከእህቴ እጅ ይነጠቃል። ቀጥለው ከጎን ካለው ጫማ ሻጭ የልጅ ጫማ ይጠይቃሉ፣ ወፍጮ ቤት ያስያዙትን ዱቄት ይወስዳሉ።

አሁን አግዳሚው ባዶ ነው። እህቴ ሩዝ አቀረበችልኝና ብቻዬን በላሁ። አንድ ሰው በሰፊ ቤት ብቻውን ሲበላ የገዛ ጉሮሮው ድምፅ ይሰማዋል፤ ደስ አይልም። ጫማ ሻጩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማንም ያልነካውን ጫማ አቧራ ያራግፋል።

ፋጡማ የምትባል ጫት አሳሪ ከመጋዘን ወጥታ ገባች። የእህቴ የድሮ ደንበኛ ናት። ለመብላት አልነበረም፤ በፌስታል የያዘችውን የተቀቀለ በቆሎ ጥላ ስር ተቀምጣ ልትበላ ነው።

"አቦ፣ የአስካለ ወንድም አንተ ነህ? እንኳን ደህና መጣህ" አለችኝ።

ምሳ ለምን እንደተወች ጠየቅኳት።

"ከረመዳን ወዲህ ነዋ። ነጋዴዎቹ ተስማሙ። የቀን ሂሳባችንን ግማሹን በብር ይሰጡናል፣ ግማሹን በገራባ። 'ሽጡት' ይሉናል። ለማን ልሽጠው? ጎረቤቴም የያዘችው ገራባ ነው። ዳቦ ቤቱ ገራባ አይቀበል፣ ልጆቼ ገራባ አይበሉ። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ?"

"እምቢ አትሉም?"

"እምቢ ያለችው ቦርደዴ ወርዳ ሻይ እሸጣለሁ ብላ ሄዳለች። ሻይዋን የሚጠጣላት ካገኘች።"

ቦርደዴ ያየኋት ሻይ ሻጭ ትሁን አትሁን አላወቅኩም።

ገለምሶ

በማግስቱ እህቴ "እስቲ ገለምሶን እንይ፤ ኪራዩ ይረክሳል ይላሉ" አለችኝ። ተስፋ እንዳልቆረጠች ሳይ ደስ አለኝ። በሚኒባስ ተነሳን። ከበዴሳ ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና እና ጫት ነው፤ ተራራው በእርከን ተሸንሽኗል። እንዲህ ያለ ምድር ላይ ሰው ይራባል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

አንድ ደላላ ገበያው ዳር ቤት አሳየን። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ውሃ አለው፣ ኪራዩም እንደተባለው ነው። እኔ ታፔላው የት እንደሚሰቀል በዓይኔ ለካሁ። እህቴ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ ከመጋዘን የሚወጡትን ሠራተኞች እጅ ታያለች። ሁሉም ፌስታል አንጠልጥለዋል። ከፌስታሉ ጠውላጋ ቅጠል ብቅ ብሏል።

"እናቴ፣ ቤቱን እዪ እንጂ! ሰውን ምን ታዪዋለሽ?" አላት ደላላው።

"ቤቱ ምሳ አይበላማ" አለችው።

ያንኑ ዕለት ወደ ጭሮ ተመለስን።

ሐጂ ኢብሮ

በሦስተኛው ቀን ድስቱን፣ ጀበናውን፣ ወንበሩን ማሰር ጀመርን። አከራይዋ ሐጂ ኢብሮ መጡ። ትልቅ የጫት ነጋዴ ናቸው፤ ፊት ለፊት ያለው መጋዘን የእሳቸው ነው፣ ጫማ ሻጩና ወፍጮ ቤቱ ያሉበት ረድፍም የእሳቸው ነው። ክፉ ሰው ናቸው ብል እዋሻለሁ። ለዒድ በሬ አርደው ለደሃ ያከፋፍላሉ፤ እህቴ ባሏን የቀበረች ሰሞን ኪራይ አልጠየቋትም።

"አስካለ፣ ምን አጠፋሁ? ኪራዩን ልቀንስልሽ" አሏት።

"ሐጂ፣ ኪራይ አልበዛብኝም" አለች የምታስረውን ገመድ ሳትለቅ። "የበላተኛዬን ምሳ ነው የወሰዱብኝ።"

"እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ነጋዴው ሁሉ ተስማምቶ ነው። ገበያው ወድቋል። ዝቅተኛ ደረጃውን ጫቴን እንኳን የሚገዛኝ አጣሁ።"

አልቻልኩም፤ ጣልቃ ገባሁ። "ሐጂ፣ መንገዱን ሙሉ ገራባ በሻይ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማን የእርስዎን ይግዛ? ገራባውን ለሠራተኞቹ የሰጡት እርስዎ አይደሉም?"

አልተናደዱም፤ ነገሩን ከዚያ በፊት ያላሰቡት መሰለኝ። ከዚያ "ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሲሳይን የሚሰጥ እሱ ነው" አሉና ነገሩን ዘጉት። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "ጥሩ ሙያ ነው" ብለው ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ።

ፋጡማ በእረፍቷ ሰዓት መጥታ ድስት ስታሸክመን ቆየች። እህቴ ትንሿን ድስት ሰጠቻት። ፋጡማ ድስቷን አገላብጣ አየችና "ምን ልሠራባት ነው?" አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁትና ተውኩት።

ታፔላውን የነቀልኩት ራሴ ነኝ። ሚስማሩ ዝጎ ስለነበር ብዙ ታገለኝ።

አዳማ

የዕቃ መኪና ላይ ተጭነን ገባን። እህቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ ቤታችን ጠባብ ነው፣ ባለቤቴ ግን ቻለችበት። እህቴ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ ስትቆም ሳይ ያንገበግበኛል።

እናታችን "የደሃ ብር አያድርም" ትል ነበር፤ ስድብ አድርጋ ነው የምትለው። ጭሮ የአባባሉን ሌላ ገጽ አሳየችኝ። የፋጡማ ብር አያድርም ነበርና በምሳ ሰዓት እህቴ ጋ፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ ጫማ ሻጩ ጋ ይደርስ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ዞሮ በኪራይ መልክ ሐጂ ኢብሮ ኪስ ይገባል። ሐጂ ምንጩ ላይ ድንጋይ አስቀመጡና ወንዙ የት ሄደ ይላሉ። ያናድደኛል፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ እሳቸው ገና ሳይጎዱ ፋጡማ ቀድማ መራቧ ነው።

ከገባን ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ኢብሮ ናቸው። እህቴ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"መኮንን፣ ደህና ነህ? ጫማ ሻጩም ለቀቀ። ወፍጮ ቤቱም ሊለቅ ነው። አንድ ታፔላ ጻፍልኝ፣ 'የሚከራይ ሱቅ' የሚል። ከመንገድ እንዲታይ ተለቅ ይበል።"

"እሺ ሐጂ።"

"ሂሳቡን ግማሹን በብር እልክልሃለሁ። ለግማሹ ደግሞ ጫት ልላክልህ፤ ገራባ አይደለም፣ ደህና ጫት ነው። አዳማ ላይ ትሸጠዋለህ።"

እህቴን አየኋት። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

"ጻፍላቸው" አለችኝ ቀስ ብላ። "አዲስ ላሜራ ግን አታባክን። የእኔ ታፔላ ጀርባው ባዶ ነው።"

ታፔላውን አዙሬ ጀርባውን ነጭ ቀባሁት። ፊደሉን በጥቁር ጻፍኩ። ላሜራው ጠንካራ ነው፤ ጭሮ ላይ ብዙ ዓመት ተሰቅሎ ይኖራል።