ኦቦ ቶሌራ ያላረሙት የቤት ሥራ

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት የቅዳሜ ትምህርት አብረውኝ የሚማሩት አዴ አያንቱ ደውለው «ኦቦ ቶሌራ ዐረፉ» ሲሉኝ የሰጠሁት መልስ ያሳፍራል። «አይሆንም፣ ቅዳሜ እኮ የቤት ሥራ ሰጥተውኛል» አልኳቸው። የቤት ሥራ የሰጠ መምህር ሳያርም የሚሞት አልመሰለኝም።

«ለእኔም ሰጥተውኝ ነበር» አሉ አዴ አያንቱ።

ለማታውቋቸው፦ ኦቦ ቶሌራ ነቀምቴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የክርስትናን መሠረተ እምነት ያስተምራሉ። ለቅቤ ነጋዴ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ከጉቶ ጊዳ በእግሩ ለሚመጣ ገበሬ። ሰሌዳ አልነበራቸውም። ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥረው፣ ሱሪ በሚያሰምሩበት ጠመኔ «ጸጋ» ብለው ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ጨርቁን አራግፈው ወደ ሱቃቸው ይመልሱታል። በዚህ ከተማ «መጽደቅ» የተጻፈበት ሱሪ ለብሶ የሚዞር ሰው እንዳለ እጠረጥራለሁ።

ትምህርቱ አሥራ ሁለት ነው፣ ሕጉ አንድ። የተማርከውን ክፍሉ ውስጥ ላልነበረ ሰው ካላስረዳህ ወደሚቀጥለው አታልፍም። ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን ነገርክ?» ነው። ስም ትጠራለህ። እሳቸው ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ያንን ሰው ፈልገው ያገኙትና «ምን ገባህ?» ይሉታል።

እኔ የሄድኩት ልማር አልነበረም። ከሸዋ ወደ ከተማው ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁ፣ ቤቴን በነገረ መለኮት መጻሕፍት የሞላሁ ሰው ነኝ። ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ «ዲፕሎማ የሌለው ልብስ ሰፊ ሥላሴን ሲያስተምር ስሕተት ይገባል» ብለው ክፍሉን ሊዘጉት አስበው ነበር። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ሪፖርት እንዳቀርብ ላኩኝ።

ኦቦ ቶሌራ ይህን ያውቁ ነበር። «እንኳን መጣህ መምህር» ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። «ቁጭ ብሎ ማየት ግን እዚህ የለም። እንደ ሰው ትማራለህ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትምህርቶች ለራሴ ተማሪዎች ነግሬ አለፍኩ። ለፈተና የሚመጣ መስሏቸው ቃል በቃል አጥንተውት ነበር። ሦስተኛው ጸጋ ነው። እሱን ከመናኸሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ ለባጃጅ ነጂው ለገመቹ አስረዳሁት። ሦስት የግሪክ ቃላት ተጠቅሜአለሁ። ገመቹ በመጨረሻ ዞር ብሎ፣ «መምህር፣ ሲጨርሱ ይንገሩኝ። ዩኒቨርሲቲውን አልፈን አስፋልቱ አልቋል» አለኝ።

ቅዳሜ ኦቦ ቶሌራ ውጤቱን በሁሉም ፊት ተናገሩ።

«ገመቹን አገኘሁት። 'መምህሩ በጣም የተማሩ ሰው ናቸው' አለኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስለ አንተ ገብቶታል። ስለ ጌታስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛው ትምህርት ላይ ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ቅቤ ነጋዴዋ አዴ አያንቱ በዚያ ጊዜ ዘጠነኛ ደርሰው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሪፖርቱን ሲጠይቁኝ «እኔ ገና ሦስተኛ ላይ ነኝ፣ ዘጠነኛ የደረሰ ሰው ላምጣ» ብዬ አዴ አያንቱን ይዤ ገባሁ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እስቲ ጸጋ ምንድነው?» አሏቸው።

«ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የማናውቀው ሰው ደም ለገሰው። ስሙን አልነገሩንም። ላመስግን ብልስ ቅቤዬን ይዤ የማን ቤት እሄዳለሁ? ልጁ ግን ይኸው ይሮጣል። ጸጋ እንደዚያ ነው። የዚህኛውን ሰጪ ግን ስሙን እናውቀዋለን።»

አዴ አያንቱ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «ኦቦ፣ እርስዎስ ለማን ነገሩ?»

ክፍሉ አልተዘጋም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰብሳቢው ራሳቸው ደብተር ይዘው መጡ። አንደኛ ትምህርት። ከእኔ ኋላ የሆነ ሰው በማግኘቴ ደስ አላለኝም ብል ዋሸሁ።

እኔም ቀስ በቀስ አሥራ አንደኛው ላይ የቆዩትን አዴ አያንቱን ደረስኩባቸው። ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ቶሌራ የመጨረሻውን፣ ትንሣኤን፣ ቁጭ ብለው አስተማሩን። ደክሟቸው ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «መምህር፣ ይሄን በግሪክ እንዳትነግርብኝ» አሉኝ።

ዛሬ ወደ ለቅሶው የወሰደኝ ገመቹ ነው። ክፍሉ ገብቶ አያውቅም፣ ኦቦ ቶሌራን ግን ይወዳቸው ነበር። መንገድ ላይ፣ «ነገ አፈር ሊገቡ ነው። ዱማቴ? አለቀ በቃ?» አለኝ።

«ኦቦ ቶሌራ ጨርቅህን በመቀስ ሲቆርጡት አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አዎ። ደነገጥኩ። የአባቴ ጨርቅ ነበር።»

«ቆርጠው ጣሉት?»

«ኧረ! ኮት አደረጉልኝ እንጂ። ይኸው ለብሼዋለሁ።»

«እሳቸውንም ሞት ቆረጣቸው። ጨርቁ ግን የሌላ ሰፊ እጅ ላይ ነው። ያ ሰፊ መጀመሪያ ራሱ ተቆርጦ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል። ጀምሮ አይተዋቸውም።»

ገመቹ ባጃጁን ለቅሶው ቤት በር ላይ አቆመ። ዛሬ አንድ እርምጃ እንኳ አላለፈም። የኮቱን እጅጌ ዳበሰና «ናፍ ጋሌ» አለኝ፣ ገባኝ ማለቱ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶውን መዝሙሩ አሸንፎታል። አዴ አያንቱ ጥግ ይዘው ለአንዲት ጎረቤት በኦሮምኛ ያስረዳሉ። የቤት ሥራቸውን መሥራታቸው ነው።

ኦቦ ቶሌራ፣ እኔም ለገመቹ ነገርኩት። ፈልገው ቢጠይቁት ኖሮ ዛሬ ስለ እኔ አንዲት ቃል አይነግርዎትም ነበር። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛውን አልፌአለሁ።

እርስዎ ደግሞ ያስተማሩትን በዓይንዎ ሊያዩት ቀደሙን። ደህና ይሂዱ ባርሲሳ ኮ፣ መምህሬ። ስንገናኝ በምን እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። ስም ይዤ እመጣለሁ።